የባሕር አንበሳ ይፈልሳል ወይስ ይሰማራል?

ጣፎ ዳር፦
ሰላም የቃላት ወዳጆች። ለልጆች የሚሆን የእንስሳት ቪዲዮ ትረካ እየተረጎምኩ ነው። ያለሁት ለገጣፎ ነው፤ መብራት ሳይሄድብኝ ቶሎ ልጠይቅ። የተሰጠኝ ርዕስ «የባህር አንበሶች ፍልሰትና ስርጭት» ይላል። ፍልሰት ሲባል ለእኔ ከገጠር ወደ ከተማ የሚጎርፍ ሰው ነው የሚታየኝ። ስርጭት ሲባል ደግሞ የሸማቾች ዘይት ወረፋ። የተሻለ ቃል ያለው ወዲህ ይበል። «የባህር አንበሳ» ራሱስ ያስኬዳል? ወይስ አቆስጣ ልበል?

ደብተራው፦
አቆስጣን ተዋት። ዘጸአት ላይ የድንኳኑ መሸፈኛ «የአቆስጣ ቁርበት» ስለተባለ ቃሉ ግርማ አለው። ግን አሁን አሁን በዚህ ስም የሚጠራው ጆሮው ከውጭ የማይታየው እንስሳ ነው። መሬት ላይ ሲወጣ በሆዱ ይሳባል። የባሕር አንበሳ ትንሽም ብትሆን ጆሮ አለችው። የኋላ እግሩን ወደ ፊት አዙሮ ከሥሩ ያስገባና በአራቱም ይራመዳል። ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም።

ወደ ፍልሰት ልምጣ። ጾመ ፍልሰታን አስብ። የእመቤታችን ሥጋ ከነበረበት መነሣቱን ነው የምንዘክረው። የቅዱሳን ዐፅም ከቦታ ቦታ ሲዛወርም «ፍልሰተ ዐፅም» ይባላል። የፈለሰ ነገር ወደ ነበረበት ተመልሶ አይገባም። ያንተ እንስሳ ይመለሳል? ከተመለሰ አልፈለሰም።

ሱሉልታ ማዶ፦
ጋሽ ደብተራው፣ እርስዎ እንዳሉት ከሆነማ «ስምሪት» የሚባል ቃል ቁጭ ብሎልን የለ? እዚህ ሱሉልታ አከራዬ ከብት አላቸው። ጠዋት ከብቱ ይሰማራል፣ ማታ ይገባል። አዝመራ ሲነሣ ራቅ ካለ ማሳም ይለቁታል፤ በረቱ ግን የት እንደሆነ ይታወቃል። «ሰውዬው ራሱ አገር ቢቀይርስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እሱማ ጎዳንሳ ነው» አሉኝ በኦሮምኛ። ጓዝ ጠቅልሎ መሄድ ማለታቸው ነው። እሳቸው ሁለቱን አይቀላቅሉም። የምንቀላቅለው እኛ ነን። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ!

አያት መጨረሻ፦
ስምሪት ስትሉ እኔ ጋ የሚመጣው ታክሲ ነው። ታፔላ የሰቀለ የባህር አንበሳ ታየኝ። ሃሃ።

ውቅያኖስ ናፋቂ፦
ታክሲውም ቃሉን የተዋሰው ከከብቱ ሳይሆን አይቀርም። ግን ቃል ከመምረጣችን በፊት እንስሳው ምን እንደሚያደርግ እንይ። ዛሬ በሕይወት ያሉት የባሕር አንበሳ ዝርያዎች 6 ናቸው። አካሄዳቸው ለየቅል ነው።

የካሊፎርኒያውን ልጀምር። የሚዋለዱት በሰኔና በሐምሌ ግድም፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ቻናል ደሴቶችና በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ነው። ርቢው ሲያበቃ ወንዶቹ ወደ ሰሜን ያቀናሉ። ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፤ አንዳንዱ አላስካ ድረስ ይዘልቃል። ለሚቀጥለው ርቢ ይመለሳሉ። ሴቶቹስ? አብዛኞቹ ከመውለጃቸው አይርቁም። ግልገሉ አንድ ዓመት ገደማ ይጠባል። እናት ለጥቂት ቀናት ባሕር ገብታ ዓሣ ትበላለች፣ ተመልሳ ታጠባለች፣ ደግሞ ትወጣለች። «የባሕር አንበሶች ይፈልሳሉ» ብሎ መጻፍ ግማሹን መንጋ መርሳት ነው። ለሁለቱም የሚሆን ቃል ከተፈለገ ስምሪት ያሸንፋል። የእሱ ስምሪት የወራት ነው፣ የእሷ የቀናት።

መነሻቸው መብል መሆኑን ለማየት በኦሪገንና በዋሽንግተን መካከል በሚፈሰው ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ያለውን ቦንቪል ግድብ ማሰብ ይበቃል። ከውቅያኖሱ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ሳልሞን ዓሣ ሽቅብ ለመውጣት ግድቡ ሥር ሲተራመስ፣ ወንዶቹ የባሕር አንበሶች እዚያው ጠብቀው ይለቅሙታል። አንዳንዱ የሳልሞን ዘር ራሱ ለመጥፋት የተቃረበ ነው። ስለዚህ ጥቂቶቹን ወንዶች ለመግደል በሕግ ተፈቅዷል። አወዛጋቢ ነገር ነው፤ ለልጆች ቪዲዮ ግን ይለፍ።

ሌላው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 መገባደጃ ጀምሮ ፒር 39 የሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ላይ መጥተው ተዘረሩ። ባለ ጀልባዎቹ ተማረሩ። በጩኸቱም በጠረኑም። በመጨረሻ ቦታው ለእንስሳቱ ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጸው ከ1,700 በላይ ተቆጥረው ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ጥቂት ብቻ ቀሩ። ከተማው ደነገጠ። ዓሣውን ተከትለው ሳይሆን አይቀርም፤ በኋላም ተመልሰዋል። ይሄ «ጠፉ» አይባልም። «እግራቸውን አነሱ» ነው የሚባለው።

ደብተራው፦
ታዲያ ጓዝ ጠቅልሎ የሄደ የለም?

ውቅያኖስ ናፋቂ፦
አለ እንጂ ጋሽዬ። የኒውዚላንዱን ይስሙ። በዋናው ምድር ዳርቻ የነበሩትን አደን ጨረሳቸው። ከመቶ ዓመት በላይ እዚያ የሚወልድ አልነበረም። የቀሩት በደቡብ፣ ቀዝቃዛዎቹ ኦክላንድና ካምቤል ደሴቶች ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 አንዲት ሴት ኦታጎ ዳርቻ ላይ ወለደች። ልጆቿና የልጅ ልጆቿም እዚያው መውለድ ቀጠሉ። አንዳንዶቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው ጫካ ውስጥ ይገባሉ። ይሄን ስምሪት ማለት ያሳንሰዋል። «አገር ማቅናት» ነው። ይህን ቃል በጣም የምወደው ለዚህ ነው። አንዲት እናት ተነሥታ ባድማ አቀናች ሲባል ልጅም ይገባዋል።

የአውስትራሊያዋ ደግሞ ተቃራኒ ናት። ከተወለደችበት ዳርቻ ንቅንቅ አትልም። ሌላ ነገርም አላት፤ የርቢ ዑደቷ ከ17 እስከ 18 ወር ነው። አንዱ ዳርቻ በበጋ ሲወልድ ሌላው በክረምት ይሆናል። ስለ እሷ ከሆነ ትረካው ላይ «በየዓመቱ» የሚለውን አውጣው።

ከሆካይዶ ተነሥቶ በካምቻትካና በአላስካ በኩል እስከ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ስቴለር የሚባለው ትልቁ ዝርያ ነው። የምዕራቡ ወገን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ እስከ 2000 ባለው ጊዜ 80 በመቶ ያህል ቀንሷል። ለዚህ «ተመናመነ» ያንሰዋል ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔ አይመስለኝም። ፍጹም ያለቀው የጃፓኑ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ በእርግጠኝነት ያየው የለም። ዘሩ ጠፋ፣ አለቀ። ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

አያት መጨረሻ፦
ቀይ ባህር ላይስ ለምን የሉም? ምጽዋ ሄዶ ያየ ሰው አልሰማሁም።

ውቅያኖስ ናፋቂ፦
የቤተሰቡ መነሻ ሰሜን ፓስፊክ ነው። ወደ ደቡብ የተሻገሩትም ቀዝቃዛና ዓሣ የሞላበትን ውኃ ይዘው ነው። የደቡብ አሜሪካው ከፔሩ ቺሊን ይዞ ይወርድና በአትላንቲክ በኩል እስከ ኡራጓይ ይታያል። ጋላፓጎስ ምድር ወገብ ላይ ሆኖ እንኳ የራሱ የባሕር አንበሳ ያለው ቀዝቃዛ ሞገድ ስለሚደርሰው ነው። ቀይ ባሕር ሞቃት ነው፣ መንገዱም ሩቅ። ሰሜን አትላንቲክም ላይ አንድም የለም። አፍሪካ የደረሰው ፀጉረ ድርብ የሆነው ዘመዳቸው ነው፤ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ላይ በብዛት አለ። እሱንም የሚያኖረው ቀዝቃዛው የቤንጌላ ሞገድ ነው።

ጣፎ ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ስርጭትን ምን ላድርገው? «መገኛ» አሰብኩ።

ሱሉልታ ማዶ፦
መገኛ አትበል። «የቡና መገኛ ካፋ» ስንል የት እንደጀመረ ነው የምናወራው። ዛሬ የት የት እንዳለ አይደለም። ቡና ብራዚልም አለ፣ መገኛዋ ግን አይደለችም። «የሚኖሩባቸው ዳርቻዎች» በለው፤ ዘርዘር ቢልም ልጅ አይደናገርበትም።

ደብተራው፦
እስማማለሁ። ደግሞ «መውለጃ» እና «ማረፊያ»ን ለያቸው። የሳን ፍራንሲስኮው የጀልባ ማቆሚያ ማረፊያ ነው፣ የሚጋደሙበት። መውለጃው ደሴቶቹ ናቸው። ልጃቸውን ደግሞ ደቦል በለው። የአንበሳ ልጅ ደቦል ነው።

ውቅያኖስ ናፋቂ፦
በደቦሉ አልስማማም ጋሽዬ። ስሙ ነው እንጂ አንበሳነቱ የለበትም። ግልገል ይሻላል።

ጣፎ ዳር፦
ግልገል አድርጌዋለሁ፤ ጋሽ ደብተራው ይቅር ይበሉኝ። እንዲህ ሆኗል፦

«የባህር አንበሶች፦ ዳርቻቸውና ስምሪታቸው። ርቢው ሲያበቃ የካሊፎርኒያዎቹ ወንዶች ወደ ሰሜን ይሰማራሉ። እናቶች ግን ከመውለጃው አይርቁም። ጥቂት ቀን ባህር ውለው አድረው ወደ ግልገላቸው ይመለሳሉ።»

አያት መጨረሻ፦
ታፔላውን ብቻ አትርሳ።

ደብተራው፦
ግልገሉን ዋጥኩት። ይልቅ «ባህር» ብለህ ጽፈሃል። በሐመሩ ሐ አድርገው፤ ልጆች ያነቡታል።