የሐርላ ዕቅድ፦ ብሩ ምን ላይ ይዋል? (የድሬዳዋ ልጆች ግሩፕ፤ ተናጋሪዎቹ በሰፈራቸው ስም)

ሰብሳቢ፦ የሐርላን፣ የዚያችን ድሬዳዋ አጠገብ ያለች የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ነገር ዛሬ እንቋጨው። የተነሳነው የመንደሩን ልጆች አስጎብኚ አድርገን ልናሰለጥን ነው። ገበሬው ሲያርስ የሚያገኘውን ዶቃና ሳንቲም ለነጋዴ ከሚሸጥ እንዲያስመዘግብ። ታፔላው ትርፍ ነው።

መጋላ፦ ታፔላው ላይ ግዙፍ ሰው ይሳል። አያቶቻችን የግዙፎች አገር ያሉት ዝም ብለው ነው? ያንን ድንጋይ ማን ያነሳዋል?

ከዚራ፦ ኧረ አቦ! ድንጋዩ ትልቅ ከሆነ ሰውዬውም የግድ ትልቅ ነው? የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቆፍሮ ከመቃብሩ ያገኘው እንደኔና እንዳንተ ያለ ሰው አጥንት ነው። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ አለ፣ የቻይና ሸክላ፣ የግብፅ ሳንቲም፣ ከማልዲቭስ የመጣ ዕቃ፣ ብርና ነሐስ ጌጥ የሚሠራበት ቤት ሳይቀር ወጥቶ አንተ ግዙፍ ትላለህ?

መጋላ፦ አንተ ፈረንጅ የነገረህን ያዝ፣ እኔ እናቴ የነገረችኝን። ግዙፉ ከሌለ መዋጮዬን መልሱ።

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮ አይመለስም፣ ደንቡ ላይ አለ። ጅቡቲ ያላችሁት ደግሞ ቃል የገባችሁትን ብር ላኩት።

ሳቢያን፦ ግዙፉ ምን ይለብሳል? ሽርጥ ይሁን።

መጋላ፦ በእናቴ ተረት አትቀልድ!

ከዚራ፦ ከድሬ 15 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሐረር መንገድ ላይ። በየሳምንቱ ሐረር የምትመላለሱ ሁሉ አንድ ቀን ወርዳችሁ አይታችሁታል?

መጋላ፦ እሺ በቃ። ግዙፉ ትንሽ ይሁንና ጥግ ላይ ይግባ።

ሰብሳቢ፦ ሥልጠናውን እኛ እንይዛለን ያላችሁ ሁለታችሁ የት ገባችሁ?

ለገሃር፦ አንዱ ስልኩ አይነሳም፣ ሌላው ከግሩፑ ወጥቷል። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ለምን ራሳችን ሄደን አናይም? ሚኒባስ እንከራይ።

ሳቢያን፦ ምሳውስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሚኒባሱ ከታፔላው ብር ይወጣል። ምሳው ከሥልጠናው። ሥልጠናው ለጊዜው ይቆይ።

ከዚራ፦ ይቆይ? ታዲያ ፕሮፖዛሉ ላይ ምን ቀረ?

መጋላ፦ ፍየሉን እኔ እችላለሁ። ሰዓሊውንም ይዤ እመጣለሁ፣ ድንጋዩን አይቶ ራሱ ይፍረድ።

ሰብሳቢ፦ ቅዳሜ ነው እሁድ?

ሳቢያን፦ እሁድ ሰርግ አለብኝ።