ከ277 ቮልት የመብራት መስመር 120 ማውጣት ይቻላል?

ባለቡናዋ፦
ሰላም ወገኖቼ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ሱቅ ተከራይቼ ቡና ለመሸጥ እየተዘጋጀሁ ነው። ጀበናዬን ላስቀምጥበት ባሰብኩት ጥግ ሶኬት የለም። የሚረዳኝ ልጅ ኮርኒሱን ከፍቶ ከመብራቱ ሊቀጥልልኝ ሲል በቴስተር ለካው፤ 277 ቮልት! «አገር ቤትም 220 ነው፣ ብዙ አይራራቅም» አለኝ። መፍጫዬና የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ግን 120 የሚል ተጽፎባቸዋል። ምን ይሻለኛል?

ሽቦ ጎታቹ፦
እህቴ፣ እባክሽ ልጁን ከመሰላሉ አውርጂው። ሕንፃው ባለ 480 ቮልት ሦስት ፌዝ (ኃይል ያለባቸው ሦስት ሽቦዎች) ነው፤ ከአንዱ ፌዝ ወደ ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ሲለካ 277 ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሽቦዎቹ ቡናማ፣ ብርቱካናማና ቢጫ፣ ኒውትራሉ ግራጫ ነው። ጥቁር፣ ቀይና ሰማያዊ ከነጭ ኒውትራል ጋር ካየሽ የ120 መስመር ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሳይለካ ቀለም አይታመንም።

277ን በሽቦ አገጣጠም 120 ማድረግ አይቻልም። ትራንስፎርመር (ቮልት የሚቀይር ዕቃ) ያስፈልጋል፤ እሱም መግቢያው 277፣ መውጫው 120 መሆን አለበት። አንድ ደንበኛዬ ከ480 ወደ 120 የሚያወርድ ገዝቶ 277 ላይ አስገጠመው፤ ስለካው 69 ቮልት። መፍጫው ያቃስታል እንጂ አይፈጭም ነበር። አቅሙ 1 ኪሎ ቮልት አምፒር (kVA) የሆነ ትራንስፎርመር በ120 ቮልት 8 አምፒር ገደማ ነው የሚሰጥሽ። መፍጫውን ይችላል፣ 1500 ዋት ምድጃ ግን አይችልም። ብሬከሩና ኧርዙም (ከመሬት ጋር የሚያያዘው የደህንነት ሽቦ) በሥርዓቱ መሠራት ስላለበት ፈቃድ ያለው ሰው ይሥራው።

የኮርኒስ ሰው፦
ወንድሜ ያለው ልክ ነው። ግን ትራንስፎርመር ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሶኬት የለም? ካለ 120ው ከሆነ ቦታ እየመጣ ነው። እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ብዙ ጊዜ የራሱ ትራንስፎርመርና የ120 ፓኔል (የብሬከር ሳጥን) አለው። ከዚያ አዲስ መስመር ይሳብልሽ። ከመብራቱ ብትቀጥይ ደግሞ ማታ ማብሪያውን ስታጠፊ ማቀዝቀዣ ካለሽ እሱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ባለቡናዋ፦
እግዜር ይስጣችሁ! ገንዘብ መክፈያው ጋ ሁለት ሶኬት አለ። አከራዬን ጠየቅኩት፣ ከኋላ ያለውን ክፍል ከፈተልኝ። እም... የሚል ግራጫ ሳጥን አለ፣ ትራንስፎርመሩ መሰለኝ፣ አጠገቡ ፓኔል፣ ሦስት ክፍት የብሬከር ቦታም አለው። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሐሙስ ይመጣል፤ ለምድጃው ብቻውን ባለ 20 አምፒር መስመር፣ ለመፍጫው ሌላ። ልጁም አብሮት ቆሞ ያያል።