«አዳሪ» ስንል ማደሩን ነው ወይስ መተዳደሩን?

የሂርማታው፦ እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ጅማ ለሚዘጋጅ የተማሪዎች መጽሔት ስለ ስቶኒኸርስት አንድ ጽሑፍ እያሰናዳሁ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በላንክሻየር የሚገኝ፣ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት ማኅበር) ያቋቋሙት የካቶሊክ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ከ1999 ወዲህ ሴቶችንም ይቀበላል (ዘመኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «አዳሪ» የሚለውን አውጣው፣ ከ«ሴተኛ አዳሪ» ጋር ይጋጫል አለችኝ። ሌላው የክፍሎቹ ስም ነው፤ በቁጥር አይጠሩም። ከታች ወደ ላይ ፊገርስ፣ ሩዲመንትስ፣ ግራመር፣ ሲንታክስ፣ ፖየትሪ፣ ረቶሪክ ይባላሉ። እንዴት ላድርጋቸው?

ጅሬን ማዶ፦ ባልደረባህ ቃሉን የሸሸችው ሌሊቱን ብቻ አይታ ነው። በ«ሴተኛ አዳሪ» ውስጥ ያለው «አዳሪ» ራሱ የሌሊት ጉዳይ አይደለም። «ሠርቶ አዳሪ»፣ «ለፍቶ አዳሪ» ከምንለው ጋር አንድ ነው፤ ኑሮን በአንድ ነገር መግፋት ማለት ነው። «አደረ» ብዙ ይሸከማል፤ ሌሊቱን አሳለፈ፣ ኖረ፣ ለሌላው ተገዛ። «ለጌታ አደረ» ሲባል የት ተኛ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «አስተዳደረ» እና «መተዳደሪያ ደንብ» የወጡትም ከዚሁ ግስ ነው።

ለጅማ ሰው ደግሞ ማስረጃው ደጃፉ ላይ አለ። በአፋን ኦሮሞ «ቡሉ» ማደር ነው፤ «ቡልቹ» ማሳደርም ማስተዳደርም ይሆናል፤ «ቡልቺንሳ» የምንለው አስተዳደር ከዚያ የተገኘ ነው። ማታ «ነጋቲ ቡሊ» ብሎ የሚሸኘን ጎረቤትና ጠዋት ለግብር የሚጠራን መሥሪያ ቤት በአንድ ግስ ነው የሚያናግሩን። (እግረ መንገዴን፦ እስከ ከፋ የዘለቀው የካፑቺን ማኅበር ሚስዮናዊ አባ ማስያስ በ1867 ፓሪስ ላይ ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ አማርኛንና ኦሮምኛን ጎን ለጎን አስተምሯል። ይህን ዝምድና ልብ ብሎት ከሆነ ደስ ይለኛል።)

የያዝኸው ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። አባ ሮበርት ፐርሰንስ ትምህርት ቤቱን በ1593 የመሠረቱት እንግሊዝ ውስጥ ሳይሆን ባሕር ማዶ፣ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው ሰንት ኦሜር ነው፤ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የካቶሊክ ትምህርት በሕግ የተከለከለ ነበርና። በ1762 ኢየሱሳውያን ከፈረንሳይ ሲባረሩ ልጆቹ ዛሬ ቤልጅየም ውስጥ ወዳለችው ብሩዥ ተሻገሩ። በ1773 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 14ኛ የኢየሱሳውያንን ማኅበር ሲያፈርሱት እዚያው ዛሬ ቤልጅየም በሆነው አገር ሊዬዥ ገቡ። በ1794 የፈረንሳይ አብዮት ጦር ሲቃረብ ደግሞ፣ የቀድሞ ተማሪ የነበሩት ቶማስ ዌልድ በሰጧቸው የላንክሻየር ቤት ሰፈሩ። ማደሪያው ሦስት ጊዜ ተለወጠ፤ መተዳደሪያው፣ የክፍሎቹ ስም ሳይቀር፣ ከልጆቹ ጋር ተጓዘ። አዳሪ ማለትም በአንድ ሥርዓት ሥር የሚኖር ነው። «አዳሪ»ን አትንካው።

አዋይቱ ዳር፦ ትንታኔው ያምራል፤ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። «አዳሪ» በሥርዓት ሥር የሚኖር ማለት ከሆነ፣ ከቆሎ ተማሪ የበለጠ አዳሪ ከየት ይመጣል? ቀዬውን ጥሎ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ የኔታን እያገለገለ ይማራል። ሆኖም «አዳሪ ተማሪ» ብሎ የጠራው ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ ቃሉ የሚቆመው በተቃራኒው ነው፤ አንዱ ተመላላሽ፣ ሌላው አዳሪ። አዳሪ ማለት ከትምህርት ቤቱ ድስት የሚበላ ነው። የቆሎ ተማሪ ግን አኩፋዳውን ይዞ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል።

ጅሬን ማዶ፦ የቆሎ ተማሪ የራሱ የከበረ ስም ስላለው ሌላ አላስፈለገውም። ድስቱ ወሳኝ ከሆነማ ሆስፒታል ገብቶ የሚበላውን በሽተኛ «አዳሪ ታካሚ» ባልነው ነበር፤ የምንለው ግን «ተኝቶ ታካሚ» ነው።

አዋይቱ ዳር፦ እሱን አሰላስለዋለሁ፤ ድስቱን ግን አልለቅም።

የቅኔ ቤት ሰው፦ ልጆች፣ ድስቱን ተዉትና ወደ ክፍሎቹ ስም እንመለስ። አንተ የሂርማታው፣ ቁጥር ፍለጋ አትድከም። የእኛም ቤት በሚማሩት ነገር እንጂ በቁጥር አይጠራም፤ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እንላለን። ሁለቱን የታችኞቹን «ፊደል» እና «መነሻ» ብትላቸው ያስኬዳል። ግራመርን «ሰዋስው» በለው። ሲንታክስ «አገባብ» ይሁን፤ ነገር ግን ቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ አገባብ ሲባል ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ የሚባሉትን ቃላት ስለሚያስብ አንድ መስመር ማብራሪያ ጨምርበት።

ፖየትሪን ግን «ግጥም» እንዳትል፤ እለምንሃለሁ። በዚያ ክፍል የነበሩት ልጆች ሥራቸው የላቲን ግጥም በልክ መቁጠር ነበር። የእኛ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ እንደሚነግረው ማለት ነው። ስለዚህ «ቅኔ» ነው። ረቶሪክ «የአንደበት ጥበብ» ቢባል ይበቃል። እዚህ ላይ መንገዳችን ይለያያል፤ የእነሱ መሰላል በንግግር ሲያልቅ የእኛው ወደ ትርጓሜ መጻሕፍት ይወጣል። የቱ ይሻላል ብትሉኝ አድልዎ አለብኝ።

የሂርማታው፦ የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ቃላት ብቻ ቀሩኝ። «ፌሩላ» የሚሉት መቅጫ ነበር፤ የቀድሞ ተማሪዎች ሲተርኩት የጫማ ሶል የመሰለ የጎማ ቁራጭ ነው፤ በእያንዳንዱ መዳፍ እስከ ዘጠኝ ይመታበት ነበር። «ብላንዳይክ» የዕረፍት ቀን ነው፤ ሰንት ኦሜር ሳሉ ልጆቹ ለመዝናናት ከሚሄዱባት ከብላንዴክ መንደር የቀረ ስም። «ፕሌይሩም» ደግሞ የተማሪዎች ምድብ ነው። በተጨማሪ በየደብተሩ ራስጌ ላይ የሚጽፉት «አድ ማዮሬም ዴይ ግሎሪያም»፣ ግርጌው ላይ ደግሞ «ላውስ ዴዮ ሴምፔር» አለ።

የቅኔ ቤት ሰው፦ የራስጌው «ለእግዚአብሔር ለላቀ ክብሩ» ነው፤ የግርጌው «ምስጋና ዘወትር ለእግዚአብሔር»። በእኛ ብራና ላይ በስመ አብ ብሎ ጀምሮ በአሜን የሚጨርስ ጸሐፊ የለመደው ነውና አንባቢህ አይደነግጥም። ፌሩላ በላቲን የተክል አገዳ ስም ስለሆነ «አርጩሜ» ለቃሉ ሥር ይስማማል፤ ለዕቃው ግን አይስማማም፣ አርጩሜ እርጥብ ቀጭን በትር ነው። «የጎማ መቅጫ» ብለህ እለፍ።

አዋይቱ ዳር፦ ብላንዳይክን እንዳለ ተወው፤ «የዕረፍት ቀን» ካልኸው መንደሯ ትጠፋለች። ፕሌይሩምን «የጨዋታ ክፍል» ካልኸው ግን አንባቢ ኳስ ይፈልጋል። ሌሎች የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ቤት ሲያኖሩ፣ እነዚህ የአንድ ዓመት ልጆችን ለብቻ ስለሚመድቡ «የእኩዮች ምድብ» ብትለው ይሻላል።

ጅሬን ማዶ፦ በዚህስ ተስማምተናል። መጽሔቱ ሲወጣ አንድ ቅጂ ለየኔታ አድርስ።