ነጠላ ሞለኪዩልን በብረት ገጽ ላይ፦ መግፋት፣ መጎተት ወይስ መንዳት?

ፊደል ቆጣሪ፦ በስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ (ስል መርፌን ከገጹ አጠገብ እያስኬደ በመካከላቸው በሚያልፈው ኮረንት አቶሞችን የሚያሳይ መሣሪያ) ሞለኪዩል ስለማዘዋወር ሲጻፍ «ገፋው»፣ «ሳበው»፣ «ጎተተው»፣ «አንሸራተተው» እየተቀያየሩ ይገባሉ። ልዩነት አላቸው?

መርፌ ያዥ፦ አላቸው፤ ልዩነታቸውም ይለካል። ምስል ሲነሣ መርፌው ራቅ ብሎ ያልፋል፣ በመርፌውና በገጹ መካከል ያለው ሬዚስታንስ (ኮረንትን የመቋቋም መጠን፤ መርፌው ሲቀርብ ይቀንሳል) ብዙውን ጊዜ በጊጋኦም (ቢሊዮን ኦም) ነው። ለማንቀሳቀስ መርፌው ከአቶሙ ወይም ከሞለኪዩሉ አናት በላይ ይቆማል፤ ቮልቴጁ ተቀንሶ፣ ኮረንቱ ተጨምሮ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ለነጠላ የመዳብ አቶም እስከ መቶ ኪሎኦም (መቶ ሺህ ኦም) ገደማ መውረድ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ይሄዳል፣ ሲደርስ ይነሣል።

ኮረንቱን ሳትለውጡ የመርፌውን ከፍታ ተከታተሉ። ቀስ እያለ ወርዶ ድንገት ሽቅብ ከዘለለ መጎተት ነው፦ መርፌው ቀደመ፣ አቶሙ ዘሎ ደረሰበት። ቀስ እያለ ወጥቶ ድንገት ከወደቀ መግፋት ነው፦ መርፌው ጎኑን ሲወጣ አቶሙ ሸሸ። ዝላይ ከሌለ ማንሸራተት። መዳብ 111 (አቶሞቹ ጥቅጥቅ ብለው የተደረደሩበት የመዳብ ገጽ) ላይ የአቶሞቹን ረድፍ ተከትላችሁ ከሄዳችሁ ዝላዮቹ በ0.255 ናኖሜትር ይራራቃሉ። ሦስቱን ተመራማሪዎቹ ባርቴልስ፣ ማየርና ሪደር በ1997 እ.ኤ.አ. ለይተው አሳይተዋል።

«መሳብ»ን ለኃይሉ፣ «መጎተት»ን ለጉዞው ብንለያቸው እመርጣለሁ። መርፌው ይስባል እንጂ ሞለኪዩሉ ላይንቀሳቀስ ይችላል።

ቀለም ሠሪ፦ በተግባር መግፋት አስቸጋሪው ነው፤ ሞለኪዩሉ ወደ ጎን ያፈተልካል። መርፌው ከመጠን በላይ ከተጠጋ ደግሞ ሞለኪዩሉ መርፌው ላይ ይለጠፋል፤ ይህ «ማንሣት» ነው፣ የሚቀጥለው ምስልም ይለወጣል። ያኔ መርፌውን ንጹሕ ብረት ላይ ትንሽ ነከር አድርጎ ማውጣት ነው። ሥራው በብርቱ ቅዝቃዜ የሚካሄደው ደግሞ የሚነካው ነገር በራሱ እንዳይሄድ ነው፦ ተመራማሪዎቹ አይግለርና ሽዋይዘር 35 የዜኖን አቶሞችን ኒኬል ላይ የደረደሩት በ4 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ነበር፤ ሞቅ ካለ ዜኖኑ ማንም ሳይነካው ይሄዳል።

ፊደል ቆጣሪ፦ «መንዳት»ስ?

መርፌ ያዥ፦ እረኛ ከብት የሚነዳው ሳይጎትት ነው፤ ቃሉ እዚያ ላይ ይሠራል። በ2017 እ.ኤ.አ. ቱሉዝ ላይ በተካሄደው የሞለኪዩል መኪኖች ውድድር በመርፌ መግፋት ክልክል ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ በቮልቴጅ ምት (ከመርፌው በሚላክ አጭር የቮልቴጅ ግፊት) ነዱ። በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን የተሠራው ባለ አራት ጎማ ሞለኪዩልም በ2011 እ.ኤ.አ. መዳብ 111 ላይ በ10 ምት 6 ናኖሜትር ሄዷል።

ቀለም ሠሪ፦ አንድ ይጨመር፦ «መላክ»። በ2020 እ.ኤ.አ. የተመራማሪው ግሪል ቡድን ከግራዝ (ኦስትሪያ)፣ ብር 111 ላይ አንድ ሞለኪዩል በአንድ የአቶም ረድፍ 150 ናኖሜትር አስኪዷል። በኤሌክትሪክ መስኩ ላኪው መርፌ አባረረው፣ ሌላው መርፌ ተቀበለው። እዚህ «ገፋው» ብሎ መጻፍ አንባቢውን ያሳስታል።