ሲስተሙ ሲሳሳት ማን ይከፍላል?

አስተባባሪ፦ የዛሬ ርዕስ፦ ቴክኖሎጂ ለሚሠሩትና ለሚገለገሉበት ሰዎች ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? እንዳይንዛዛ በእጃችን ባለው፣ በዲጂታል ክፍያ እንነጋገር። ስድብ ክልክል ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት። ድሮ ብር የምልክላት በአውቶብስ ሹፌር እጅ፣ በፖስታ አሽጌ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ስልኩን ሳንዘጋው ይደርሳታል። ጉዳቱን ንገሩኝ።

ባለሚኒባሱ፦ ልንገርህ። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በጥሬ ብር አይቀዳም ተባለ። ተሳፋሪዬ ግን ዛሬም የሚከፍለኝ ከኪሱ እያወጣ ነው። ረዳቴ የሰበሰበውን ዝርዝር ብር ይዤ ስልኬ ላይ ለማስገባት ወኪል ጋ፣ ከወኪል ወደ ማደያ። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ «ኔትወርክ የለም» ተባልኩ። የባለንብረቱ ገቢ ግን ኔትወርክ የለም አይልም።

የፒያሳ ልጅ፦ እሱ የቴክኖሎጂው ሳይሆን የአሠራሩ ጥፋት ነው።

ባለሚኒባሱ፦ እኔ ጋ ሲደርስ ሁለቱም አንድ ናቸው ወንድሜ።

ሶፊ ኮደሯ፦ እኔ ከሠሪዎቹ ወገን ነኝ፤ የምሠራበትን አልናገርም። ሲስተም የሚታደሰው ሰው ሲተኛ ነው። ከተበላሸ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት የሚጮኸው የእኔ ስልክ ነው። «ሲስተም የለም» ስትሉ፣ ያ ሲስተም እኔ ነኝ። ግን ወደ ወረቀት መዝገብ እንመለስ አልልም። አባቴ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነበር፤ ሒሳብ ሲጎድልበት ከደመወዙ ይቆረጥ ነበር፣ ማን እንደተሳሳተ የሚያሳይ ነገር አልነበረውም። ዛሬ እያንዳንዱ ንክኪ ተመዝግቦ ይቀራል።

የግቢ ልጅ፦ ለማን ነው የተመዘገበው? ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ሲዛባ፣ ከሒሳባቸው በላይ ያወጡት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው ተባለ። ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል። በኋላ በስምና በፎቶ የተለጠፉት ግን ያልመለሱት ሰዎች ናቸው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ። ሲስተሙን የነካው ሰው ፎቶ አይታችኋል?

ጋሽ ባለሱቅ፦ ልጄ፣ ያላስቀመጥከውን ብር አውጥተህ ስትሮጥ ሌብነት ነው። ማሽኑ ስለሰጠህ አይጸድቅም።

የግቢ ልጅ፦ ጋሼ፣ እሱንማ አልካድኩም። አብዛኛው ብርም ተመልሷል።

ባለሚኒባሱ፦ እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ባንክ ሲጎድልበት የወሰደውን ሁሉ አንድ በአንድ በስም ለይቶ ያወጣል። እኔ ባለፈው በአንድ ቁጥር ስህተት 1,200 ብር ለማላውቀው ሰው ላክሁ። ስደውል «ተቀባዩ ካልፈቀደ መመለስ አንችልም» አሉኝ። የሶፊ መዝገብ ለእኔ ሲሆን ለምን ዓይኑን ጨፈነ?

ሶፊ ኮደሯ፦ አልጨፈነም። ተቀባዩን ሳይጠይቁ ብር ቢነሡት ነገ ያንተንም ይነሡብሃል። ግን ልክ ነህ፣ ለትልቁ በር አለ፣ ላንተ የተሠራ በር የለም። እንዲህ ዓይነት በር እንሥራ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ «ቀጣይ ዙር» ተባልኩ።

የፒያሳ ልጅ፦ ይሄን እቀበላለሁ። እናቴ ብትሳሳት ማንን እንደምትጠይቅ እኔም አላውቅም።

ሶፊ ኮደሯ፦ ባለሚኒባሱ፣ የግብይቱ ቁጥር አለህ? በውስጥ መስመር ላክልኝና አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ ላሳይህ።

ባለሚኒባሱ፦ አለኝ እህቴ። ማደያ ወረፋ ላይ ነኝ፤ ኔትወርክ ሲመለስ እልክልሻለሁ።