ትምህርት ቤት በር ላይ ያለውን መንገድ ከኮሚዩኒቲ ፖሊስ ጋር እንዴት እናስተካክል? (ጀሞ)

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ ነው። የልጆቻችን ትምህርት ቤት በር ላይ መንገዱ ሰፊ ነው፤ የዜብራው ቀለም ክረምቱን ታጥቦ ጠፍቷል። ሚኒባሱም ሲኖትራኩም ለማንም አይቆምም። እኔ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ውስጥ ነኝ። የቀጠናችን ኮሚዩኒቲ ፖሊስ «ነዋሪውን ሰብስቡና ግንዛቤ እንስጥ» ብሎናል። አንዳንዱ ወላጅ ደግሞ ተማሪዎቹ ባንዲራ ይዘው መኪና ያስቁሙ፣ ያጠፋውን ሰው ታርጋ ቴሌግራም ላይ እንለጥፍ ይላል። እናንተ ሰፈር የሠራ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ጡረተኛው ሳጅን፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ትራፊክ ነበርኩ፣ ኋላ ኮሚዩኒቲ ፖሊስ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስብሰባውን ጥሩ፣ ግን ማን እንደሚመጣ ልንገርሽ፦ የእድር ሽማግሌዎችና አበል ይኖራል ብሎ የመጣ ሰው። አንዳቸውም መሪ አይጨብጡም። ሾፌሩን የምታገኙት ታክሲ ተራው ጋ ነው፤ ረፋድ ላይ ተራ ይዞ ሲቆም ሥራ ስለሌለው ያወራችኋል። ተራ አስከባሪዎቹን ቀድማችሁ ካናገራችሁ እነሱ ራሳቸው ይሰበስቡላችኋል። እኛ ችግሩ ፍጥነት ብቻ መስሎን ነበር። ለካስ ዜብራው ላይ ሰው የምታወርደው ሚኒባስ ከፊቷ የሚሻገረውን ልጅ ትጋርደዋለች፤ እሷን ቀድሞ የሚያልፈው መኪና ልጁን የሚያየው ከጎማው ሥር ሲደርስ ነው። ይህን የነገረን አንድ ረዳት ነው።

የፖሊስ መዝገብንም ብዙ አትመኑት። የተገጨው ሰው ክፉኛ ካልተጎዳ ነገሩ በሽምግልና ያልቃል፤ የሕክምናው ይከፈላል፣ ፋይል አይከፈትም። ስለዚህ ቦታው በወረቀት ላይ ሰላም ነው። መንገዱን የምታውቀው በሩ አጠገብ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ናት። እሷ ትናገር፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ደብተር ላይ ይጻፍ፦ ስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት መኪና፣ ልጁ ከየት በኩል ወጣ። የተገጨውን ብቻ ሳይሆን ለጥቂት የተረፈውንም። እኔ በሠራሁበት ቀጠና ትራፊክ ፖሊሱ የሚቆመው ጠዋት ነበር፤ ደብተሩ ግን ችግሩ የሚብሰው ፈረቃ ሲቀየር፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑን አሳየን። የሚቆምበትን ሰዓት አስቀየርን።

ከዚያ ደብተሩን አያይዛችሁ በወረዳው ማኅተም ለትራፊክ ማኔጅመንት ጻፉ። «መንገዱ አደገኛ ነው» ብቻ የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ለገሀር መስቀለኛው ላይ እንደተደረገው በቀለምና በድንጋይ እግረኛው የሚሻገረውን ርቀት ማሳጠር ይቻላል፣ የግድ አስፋልት መቆፈር የለበትም።

ልጆች መኪና ያስቁሙ የሚለውን ግን ተዉት። በ60 የሚመጣ ሾፌር አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት ከ16 ሜትር በላይ ሄዷል፤ በ30 ቢመጣ ስምንት ሜትር ገደማ ነው። ባንዲራ የያዘ ሕፃን ያንን አያስቆምም። ተማሪ ትራፊኮቹ እግረኛ መንገዱ ላይ ሆነው ጓደኞቻቸውን ያሰልፉ፣ አስፋልት ላይ አዋቂ ይውረድ። ታርጋ መለጠፉም ይቅር። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ የማያውቀውን ሰው ታሰድባላችሁ። ለቀጠናው መኮንን ስጡት።

የሚኒባስ ሾፌር፦
ሳጅን ያለው ልክ ነው። ግን ረዳቱ ዜብራ ላይ የሚያወርደው ተሳፋሪው እዚያው ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ስለሚል ነው። ከዜብራው አለፍ ብሎ የማውረጃ ቦታ አስቀቡልን፣ እናንተም እዚያ ውረዱ። ደግሞ ልጅ ለማድረስ በሩ ላይ ደርበው የሚያቆሙት የቤት መኪኖችስ? እነሱም ወላጆች ናቸው፣ ስብሰባው ላይ ይነገራቸው። ሁሌ እኛ ላይ ብቻ!

የሰፈር ልጅ፦
ወረፋ ሰልችቷችሁ በራሳችሁ ሲሚንቶ ስፒድ ብሬከር እንዳትሠሩ። እኛ ሰፈር ተሠርቶ ቀለምም ምልክትም ስላልነበረው ማታ ሞተረኛ ወደቀበት።

ጤና ጣቢያ የምሠራ፦
ደብተሩ ሽፋን ላይ ይቺን ጻፉ፦ በአዋጅ 799/2005 በመኪና የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፣ ገጭቶ ያመለጠው ባይታወቅም። ሰው «ማን ይከፍላል» እያለ ተጎጂውን መንገድ ዳር ያቆየዋል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። የኛም በፈረቃ ነው፣ ስድስት ሰዓት ተኩሉን አላሰብንበትም ነበር። ሳጅን፣ ጥበቃው ደብተር እንዲይዝ ማንን ላስፈቅድ?

ጡረተኛው ሳጅን፦
ርእሰ መምህሩን። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አስፈርሚው፤ ጥበቃው ቢቀየር ሥራው አብሮት እንዳይሄድ።