የንፋስ ተርባይኑ ኮንትሮለሩን አጨሰው፣ አሁንም እየዞረ ነው!

የደጋው ሰው፦ እባካችሁ ቶሎ! ከማታ ጀምሮ ንፋሱ አላባራም። ኮንትሮለሩ (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው) ሸተተ፣ ጭስ አወጣ፣ አሁን ባትሪ አይሞላም። ተርባይኑ ግን እንደ ጉድ ይሽከረከራል። ባለ 30 አምፔር ነበር፤ ባለ 60 ብገዛ ይችለዋል? መርካቶ ያለ ሰው ነገ ይመጣል፣ ዛሬ ልነግረው ነው።

መልቲሜትር፦ ተርባይኑ ስንት ቮልት ነው? ባትሪውስ? የት አስገባኸው?

የደጋው ሰው፦ 12 ቮልት፣ 400 ዋት። ጄል ባትሪ፣ 100 አምፔር ሰዓት። የ200 ዋት የሶላር ፓነልም አለ። የተርባይኑን ሦስት ሽቦ በሬክቲፋየር (ኤሲውን ወደ ዲሲ በሚለውጠው) አሳልፌ ከፓነሉ ጋር አንድ ላይ፣ ኮንትሮለሩ ላይ የፓነል ሥዕል ያለበት ቦታ።

ጭስ አልባ፦ ቆጣሪ የለም፣ ካርድ መሙላት የለም ተብለን ገባንበት። ስለ ጭሱ ማን ነገረን 😀

ቀይ ሽቦ፦ ወዳጄ፣ ሥርዓት አለው። ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ፓነል፤ ሲነቀል መጀመሪያ ፓነል። ሰው ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ይሰካና ዕቃው ቻይና ስለሆነ ነው ይላል።

መልቲሜትር፦ የገደለው አምፔሩ አይደለም፣ ቮልቴጁ ነው። ባትሪ ሲሞላ የሶላር ኮንትሮለር መስመሩን ይቆርጣል። ፓነል ቢቆረጥበት ምንም አይሆንም። ተርባይን ግን ሎድ (ኃይሉን የሚወስድለት ነገር) ሲያጣ ይፈጥናል፣ 12 ቮልት የተባለው ከ50 በላይ ሊያወጣ ይችላል። ባለ 60 ብትገዛም ባትሪው በሞላ ቀን ያው ነው።

አሁን ፓነሉን ንቀል። ንፋሱ ጋብ ሲል ከሬክቲፋየሩ በፊት ያሉትን ሦስት ሽቦዎች እርስ በርስ አገናኛቸው፣ ፍሬኑ እሱ ነው። በኃይል እየዞረ ሳለ እንዳታደርገው፣ ኮይሉ ይቃጠላል።

ለወደፊቱ ሬክቲፋየሩ በ40 አምፔር ፊውዝ በቀጥታ ወደ ባትሪ ይግባ። ፊውዙን አታሳንሰው፤ ከተቃጠለ ተርባይኑ እንደገና ያለ ሎድ ይቀራል። ፓነሉ የራሱ ኮንትሮለር ይኑረው፣ ጄል ላይ ተስተካክሎ፣ 14.1 ቮልት። ባትሪው ላይ ደግሞ 14.3 ሲደርስ ትርፉን የሚያቃጥል ዳምፕ ሎድ፤ 28 አምፔር የሚወስድ፣ ግማሽ ኦህም ገደማ።

ጭስ አልባ፦ የእንጀራ ምጣድ ዳምፕ ሎድ ይሆናል? ንፋስ በነፈሰ ቁጥር እንጀራ!

መልቲሜትር፦ የ3500 ዋት ምጣድ 14 ኦህም ያህል ነው። በ14 ቮልት 1 አምፔር፣ 14 ዋት ብቻ፤ ሊጡ እንኳ አይሞቅም። ርካሹ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ነው፦ ባለ 55 ዋት 8 ፍሬ በፓራለል፣ 440 ዋት። ብረት ላይ ይታሰር፣ እንጨትና ፕላስቲክ አጠገብ አይሁን።

ሰላም ለሁሉ፦ መጀመሪያ ባትሪ፣ ከዚያ ፓነል ግጠም።

ቀይ ሽቦ፦ ብዬዋለሁ እኮ።

ኪሎዋት፦ ተርባይኑ ራሱ ምን ያደርጋል? 400 ዋት የሚሰጠው ንፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ሲሆን ነው። በ6 ሜትር ስምንት እጥፍ ይወርዳል፣ 50 ዋት። 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ከ40 በታች ነው የምታገኘው። በዚያው ብር ሁለተኛ 200 ዋት ፓነል ብትጨምር፣ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ካገኘ ብክነቱ ተቀንሶ 700 ዋት ሰዓት አለህ።

የደጋው ሰው፦ ሐምሌና ነሐሴስ? ፓነሉ ይተኛል።

ኪሎዋት፦ ያንስ ይሆናል እንጂ አይተኛም። ተርባይኑስ የት ነው የቆመው? በ100 ሜትር ዙሪያ ካለው ባሕር ዛፍ ሁሉ በ9 ሜትር ካልበለጠ የሚያገኘው የተረበሸ ንፋስ ነው። ጣሪያ ላይ ከሆነማ አታንሣው።

የደጋው ሰው፦ ጋብ ሲል ሦስቱን አሰርኳቸው፣ ቆመ። ኮንትሮለሩ ግን ስክሪኑ ይበራል፤ ፓነሉን ልመልስበት?

መልቲሜትር፦ ስክሪኑን አትመን። ቴስተር ባትሪው ላይ አድርገህ ፓነሉን መልስ። ቮልቱ ምንም ካልጨመረ መስመሩ ውስጥ ተቆርጧል። ከ14.4 አልፎ እየወጣ ከሄደ ግን ሞስፌቱ (መስመሩን የሚከፍትና የሚቆርጠው የውስጥ ማብሪያ) ሾርት ሆኗል፣ ወዲያው ንቀል፤ ያበጠ ጄል አይድንም።

ባለ ስምንት፦ ከተርባይኑ እስከ ባትሪው ስንት ሜትር ነው? ሽቦውስ ባለ ስንት? 20 ሜትር በባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከሆነ 15 አምፔር ላይ 2.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በባለ 16 ወደ 0.65 ይወርዳል። መርካቶ ያለውን ሰው ከመንገርህ በፊት ለካው።